ከጠፈር ለሚወርድ ኤሌክትሪክ መሬት ከየት ይምጣ?

ከጠፈር ኤሌክትሪክ ስለማውረድ ሲነሳ ሁሉም ሰው ወደ ላይ ነው የሚያየው። ስለ ሮኬቱ ይወራል፣ ስለ ሳተላይቱ ይወራል፣ ስለ ወጪው ይወራል። ያ ሁሉ ኃይል ወርዶ የሚያርፍበት መሬት ግን ብዙም አይነሳም። እኔ ደግሞ የጉዳዩ ከባዱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው ባይ ነኝ። ሳተላይት ማምጠቅ ገንዘብና እውቀት ይፈልጋል። መሬት ማግኘት ግን ከሰው ጋር መነጋገር ይፈልጋል። ከገበሬው፣ ከከብት አርቢው፣ ከጦር ኃይሉ፣ ከአውሮፕላን አብራሪው፣ ሌላው ቀርቶ ኮከብ ከሚያጠናው ሳይንቲስት ጋር።

ስለዚህ ዛሬ መሬቱን እንየው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1968 ፒተር ግሌዘር የተባለ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ መሐንዲስ ነው ያቀረበው። ግዙፍ የፀሐይ ፓነል የተሸከመ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ከፍታ ላይ ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚያየው ቦታውን አይለቅም። እዚያ ደመና የለም። ሌሊትም የለም ማለት ይቻላል። የተሰበሰበው ኃይል ወደ ማይክሮዌቭ ይቀየርና ወደ ምድር ይላካል። ታች የሚጠብቀው መቀበያ ሬክቴና ይባላል። ማይክሮዌቩን ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

ሬክቴናውን ቀረብ ብለን እንየው፤ የመሬቱ ጥያቄ በሙሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። ትንሹ ክፍሉ አንድ አንቴናና አንድ ዳዮድ ነው። አንቴናው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ወይም ቀጭን ብረት ነው። የማይክሮዌቩ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእሱ ግማሽ ነው የተመረጠው። ሞገዱ አንቴናው ላይ ሲያርፍ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ወዲህና ወዲያ የሚል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ዳዮዱ ይህን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፈዋል። በቃ፣ ዲሲ ኤሌክትሪክ ወጣ ማለት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ተርባይን የለም፣ ጭስ የለም። እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሆነው፣ በሽቦ ወንፊት ላይ ተደርድረው፣ በምሰሶ ከመሬት ከፍ ብለው ይቆማሉ። ወንፊቱ ማይክሮዌቩን ይይዛል፤ የፀሐይ ብርሃኑን ግን አብዛኛውን ያሳልፋል። ዝናቡም ያልፋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። ሬክቴናን የፈጠረው ዊልያም ብራውን የተባለ የሬይቴዎን ኩባንያ መሐንዲስ ነው። በ1964 ከመሬት በተላከ ማይክሮዌቭ ብቻ የምትንሳፈፍ ትንሽ ሄሊኮፕተር አሳየ። በ1975 ደግሞ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ባለው የጎልድስቶን ጣቢያ ትልቁ ሙከራ ተደረገ። የጣቢያው 26 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ማይክሮዌቭ ላከ። 1.54 ኪሎ ሜትር ርቆ በቆመ ማማ ላይ 4,590 አንቴናዎች ያሉት ሰሌዳ ተቀበለው። ከ30 ኪሎ ዋት በላይ ኤሌክትሪክ ወጣ። ሰሌዳው ላይ ካረፈው ኃይል ውስጥ ከመቶ ሰማንያ በላዩ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። በቅርቡም በ2023 የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከሳተላይት ላይ የላከው ማይክሮዌቭ ምድር ላይ መታየቱን አስታውቋል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነበር። ቢሆንም መንገዱ እንደሚሠራ አሳይቷል።

ስንት መሬት?

ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980 ድረስ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትና ናሳ አብረው ሰፊ ጥናት አካሂደው ነበር። መነሻ ያደረጉት ንድፍ 60 ሳተላይቶች አሉት። እያንዳንዱ 5 ጊጋ ዋት ያወርዳል። ለእያንዳንዱ አንድ ሬክቴና ያስፈልጋል። የአንዱ ሬክቴና ወርድ 10 ኪሎ ሜትር፣ ቁመት 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርጹ ሞላላ። ሲሰላ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አዲስ አበባ ጠቅላላ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ አንዱ ሬክቴና የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ይወስዳል። ከዙሪያው ደግሞ ማንም የማይኖርበት የጥንቃቄ ቀጠና ይጨመራል።

5 ጊጋ ዋት የሚለው ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሕዳሴ ግድብ የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ልዩነቱ ግድብ እንደ ወንዙ ነው። ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል የተባለው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 5 ጊጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢወርድ ግን 43,800 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። በስፋት ደግሞ የግድቡ ንጋት ሐይቅ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሐይቁ ዓሣም ይሰጣል፣ ውሃም ያጠራቅማል፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ አይወዳደሩም። መጠኑን ለመገመት ግን ይረዳል።

«ታዲያ ለምን አያሳንሱትም?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የማይክሮዌቭ ጨረር ሩቅ በተጓዘ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስኑት ርቀቱ፣ የሞገዱ ርዝመትና የላኪው አንቴና ስፋት ናቸው። ርቀቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሳተላይቱ ቦታውን እንዳይለቅ ከተፈለገ ማሳጠር አይቻልም። ላኪው አንቴና በዚያ ንድፍ 1 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሦስቱን አንድ ላይ ስናሰላቸው ምድር ላይ የሚያርፈው ክብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል። ላኪውን 2 ኪሎ ሜትር ብናደርገው ክቡ በግማሽ ይጠባል። ግን ያው 5 ጊጋ ዋት ሩብ በሆነ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል። እና ጥንካሬው ገደብ አለው። በዚያ ጥናት መሐል ላይ ከ23 ሚሊ ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ዋናው ምክንያት የላይኛው አየር ክፍል፣ አዮኖስፌር የሚባለው፣ እንዳይሞቅና የሬዲዮ ግንኙነት እንዳይረበሽ ነው።

በተቃራኒው «ለአንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ የምትበቃ ሬክቴና እንሥራ» ቢባልም አይሆንም። ሬክቴናው ቢያንስም ጨረሩ አብሮት አያንስም። ከመሐሉ ትንሽ ይዘን ቀሪውን መሬት ላይ መድፋት ይሆናል። ነገርዬው ወይ በትልቁ ነው፣ ወይ አይደለም።

ማይክሮዌቭ ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም። ስለዚህ ቁጥሩን በግልጽ ላስቀምጠው። 23 ሚሊ ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት 230 ዋት በካሬ ሜትር ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ 1,000 ዋት ገደማ ናት፤ ሩቧ መሆኑ ነው። ጨረሩ የሚያቃጥል መሣሪያ አይደለም። ሆኖም ማይክሮዌቭ ከፀሐይ ብርሃን ይልቅ ወደ ሰውነት ጠልቆ ይገባል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማንኛውም ሰው የሚመከረው ጣሪያ በዚህ ሞገድ 10 ዋት በካሬ ሜትር ነው። በዚያ ንድፍ የሬክቴናው ጠርዝ ላይ ያለው ጥንካሬ ከዚሁ ቁጥር ጋር እኩል ነው። ከጠርዙ ሲርቁ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከአጥሩ ውስጥ ሰው አይኖርም፤ ከአጥሩ ውጭ መኖር ይችላል። ጨረሩ ቦታውን ስቶ ከተማ ላይ እንዳያርፍም ብልሃት አለው። ከሬክቴናው መሐል ወደ ሳተላይቱ የመሪ ምልክት ይላካል። ሳተላይቱ ጨረሩን የሚሰበስበው ያንን ምልክት ተከትሎ ነው። ምልክቱ ከተቋረጠ ጨረሩ ይበታተናል፤ የትም ቢያርፍ ደካማ ይሆናል።

ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር

ቅርጹ ለምን ሞላላ እንደሆነ ላስረዳ። የእጅ ባትሪ ቀጥታ ወደ ታች ስናበራ ወለሉ ላይ ክብ ይሠራል፤ ዘንበል ስናደርገው ክቡ ይረዝማል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ስለሆነ፣ ከወገቡ የራቀ አገር ጨረሩን የሚቀበለው አዘንብሎ ነው።

ይህ ለመሬት ፍለጋው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። 10 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለውን ያንኑ ጨረር እንያዝ። ከወገቡ 35 ዲግሪ በራቀው የአሜሪካ ክፍል ቁመቱ 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስቶክሆልም አካባቢ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ አካባቢ ግን ከ10 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የሚወስደውም መሬት 80 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ወገብ ጎረቤት መሆን ለዚህ ነገር ጥቅም አለው። ብዙ ሰው አፍሪካ ለፀሐይ ኃይል ትመቻለች የሚለው በፀሐዩዋ ብዛት ነው። ለሬክቴና ግን የሚቆጠረው የጨረሩ ማዕዘን ነው። 2.45 ጊጋ ኸርዝ የሆነ ማይክሮዌቭ ደመናና ዝናብ እምብዛም ስለማያግዱት፣ ክረምቱ የሚረዝምበት ደጋም ከበረሃ እኩል ይወዳደራል።

መሬቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ መሆን የለበትም። ፓነሎቹ በረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ ሳተላይቱ አዙረው ነው የሚቆሙት። ሰሜናዊ አገር ላይ ወደ ደቡብ በመጠኑ ያዘነበለ መሬት እንዲያውም ይመረጣል፤ ረድፎቹን አቀራርቦ መትከል ስለሚቻል ቦታ ይቆጥባል። ችግር የሚሆነው ገደል፣ ሸለቆና ወጣ ገባ ነው። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ምሰሶ ሲተከል እያንዳንዷ ጉብታ ገንዘብ ናት። አውሎ ንፋስ፣ በረዶና መብረቅ የሚበዛበት ቦታም ይገመገማል። መብረቅ በተለይ ዳዮዶቹን ያጠፋል።

ካርታ ላይ መሰረዝ

መሬት የሚፈልጉ ባለሙያዎች «የት ይሁን?» ብለው አይጀምሩም። «የት አይሆንም?» ብለው ነው የሚነሱት። የአሜሪካው ጥናት አካል የነበረ አንድ ሥራ በ1978 ልክ እንደዚህ አደረገ። የአገሪቱን ካርታ ዘርግቶ የማይሆነውን መሰረዝ ጀመረ። ከተማ ይሰረዛል። ሐይቅና ረግረግ ይሰረዛል። ተራራ ይሰረዛል። ብሔራዊ ፓርክ፣ የጦር ሠፈር፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ይዞታ፣ ዋና ዋና አውራ ጎዳና፣ ጥሩ የእርሻ መሬት፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ ካርታው እየጠቆረ ይሄዳል።

ከዚያ ዓይን የማያያቸው ይመጣሉ። የወፎች የፍልሰት መንገድ አለ። በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ተከትሎ የሚያልፈው የወፍ ብዛት የትየለሌ ነው። የአውሮፕላን መስመር አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሬዲዮ ጸጥታ ነው። ሬክቴና ከተቀበለው ውስጥ ትንሽ መልሶ ይበትናል። ከ5 ጊጋ ዋት ላይ ትንሽ ማለት ደግሞ ለስሱ መሣሪያ ብዙ ነው። የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ እጅግ ደካማ ምልክት ነው የሚያዳምጠው። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የግሪን ባንክ ጣቢያ ዙሪያውን 34 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የጸጥታ ቀጠና አለው፤ የተከለለው በ1958 ነው። በዚያ ቀጠና ሬክቴና አይታሰብም። ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥም ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መስክ አለ። ለፀሐይና ለሬክቴና የሚመች ሰፊ ባዶ ሜዳ ለቴሌስኮፕም ስለሚመች፣ ሁለቱ አንዱን ቦታ ይሻማሉ።

ተሰርዞ ተሰርዞ የሚቀረው ምንድን ነው? በአብዛኛው በምዕራቡ ያለው ደረቅ ሜዳ። ኤሌክትሪኩን የሚፈልገው ሕዝብ ደግሞ በብዛት በምሥራቅ ዳርቻ ላይ ተጨናንቆ ይኖራል። መሬት ያለበት ሰው የለም፤ ሰው ያለበት መሬት የለም። ይህ ችግር ለአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ ሬክቴና ይተከልበታል የተባለ አገር ሁሉ ያጋጥመዋል።

ሮዝ ቫሊ

በወረቀት የተረፈ መሬት በእግር ሲታይ ምን ይመስላል? የአሜሪካው ጥናት ለአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ናሙና አድርጎ የያዘው አንድ ቦታ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሮዝ ቫሊና ኮሶ የሚባለው አካባቢ።

ካርታ ላይ ባዶ ነው። በምዕራብ የሲየራ ኔቫዳ ተራራ፣ በምሥራቅ የኮሶ ኮረብቶች፣ መሐል ላይ ደረቅ ሸለቆ። ዝናብ ብዙም የለም፤ ቁጥቋጦና አሸዋ ነው። ሸለቆው መሐል ብቻውን የቆመ ቀይ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ አለ።

ቀረብ ሲባል ግን ባዶነቱ ይጠፋል። አውራ ጎዳና 395 ሸለቆውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከ1913 ጀምሮ ለሎስ አንጀለስ ውሃ የሚወስደው ቦይም በዚያው ነው የሚያልፈው። ጎረቤቱ ቻይና ሌክ የሚባለው የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ መሞከሪያ ነው፤ ሰማዩ የእሱ ነው ማለት ይቻላል። የኮሶ ተራሮች ዓለት ላይ ደግሞ ቀደምት ሕዝቦች የቀረጿቸው እጅግ ብዙ ሥዕሎች አሉ። ከመሬት በታች ያለው ሙቀትም ፈላጊ ነበረው፤ በ1987 እዚያው አካባቢ የጂኦተርማል ጣቢያ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀምሯል። አንድ «ባዶ» ሸለቆ ስንት ባለቤት እንዳለው ቁጠሩ።

ግንባታውንም አስቡት። ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መጥረግ፣ መሠረት መቆፈር፣ ኮንክሪት መሙላት። ለኮንክሪት ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ እዚያ የለም፣ ወይም የሌላ ነው። ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርባቸው መንደሮች ላይ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የቤት ኪራዩ ይናወጣል። ከዚያ ግንባታው ሲያልቅ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ያንን ወንፊት አስታውሱ። ብርሃንና ዝናብ ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ሣር ይበቅላል፤ አንዳንድ ሰብልም ሊዘራ ይችላል ይባላል። ማይክሮዌቩን ወንፊቱ ስለሚይዘው ከሥሩ ያለው ቦታ ከላዩ ይልቅ እጅግ ደካማ ጨረር ነው የሚያገኘው። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው። ያም ሆኖ «መሬቱ አይጠፋም» የሚለውን ማጽናኛ በጥንቃቄ ነው የምሰማው። ምሰሶ በየሜትሩ በተተከለበት ሜዳ ላይ ትራክተር መንዳት ከባድ ነው። ጥገና ላይ ያለ ሠራተኛ ከላይ ሲወጣ ጨረሩ መጥፋት ወይም ልዩ ልብስ መልበስ ይኖርበታል። ገበሬው መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ ማን ይፈቅድለታል? ይህ በውል ካልተጻፈ በተግባር የለም።

ኃይሉን ማን ይሸከመዋል?

መሬቱ ተገኘ እንበል። ኤሌክትሪኩ ከዚያ መውጣት አለበት። 5 ጊጋ ዋት የሚሸከም ማስተላለፊያ መስመር ረጅም በሆነ ቁጥር ወጪውም ይበዛል፤ መንገድ ላይ የሚነካው መሬትም ይበዛል። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ማለት ሰፊ ቦታ ብቻ አይደለም። ከጠንካራ የኃይል ቋት አጠገብ ያለ ሰፊ ቦታ ነው።

ጠንካራ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። በፀደይና በመኸር ወራት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ሳምንታት፣ ሳተላይቱ በእኩለ ሌሊት አካባቢ በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል። በየወቅቱ ለ45 ሌሊት ገደማ፣ ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ኃይሉ ይቋረጣል። 5 ጊጋ ዋት በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ትንሽ የኃይል ቋት ተንገዳግዶ ይወድቃል። ሌላ ምንጭ በተጠንቀቅ መቆም አለበት። ስለዚህ በኃይል እጦት የሚቸገር አገር፣ ማዕዘኑ ቢመቸውም፣ መሬቱ ቢኖረውም፣ ያን ያህል ኃይል በአንድ ነጥብ ላይ ለመቀበል አይደርስም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግን እውነታው ይኸው ነው።

«በዚያ ሁሉ መሬት ላይ ተራ የፀሐይ ፓነል ብንዘረጋስ?» የሚለውም መመለስ አለበት። ሕንድ ራጃስታን ውስጥ ያለው የባድላ የፀሐይ ፓርክ 2,245 ሜጋ ዋት ነው፤ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዟል። ሌሊቱንና ደመናውን አስበን ሩቡን ብንቆጥርለት፣ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 10 ሜጋ ዋት ገደማ ይወጣል። የሬክቴናው ንድፍ 49 ገደማ ይሰጣል። በመሬት ሬክቴና ያሸንፋል። በገንዘብ ግን ገና ሩቅ ነው። ናሳ በጥር 2024 ባወጣው ግምገማ የመረመራቸው ሁለት ንድፎች በኪሎ ዋት ሰዓት 61 ሳንቲምና 1.59 ዶላር ያስወጣሉ ብሏል። ይህም ምድር ላይ ካሉት ታዳሽ ምንጮች ከ12 እስከ 80 እጥፍ ይበልጣል። የሮኬት ዋጋ በጣም ከወረደ ሒሳቡ እንደሚቀየርም አሳይቷል።

ሄደው የጠየቁት

በዚህ ታሪክ ውስጥ የማደንቀው አንድ ሥራ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ኤስ ፒ ኤስ 2000 የሚል ንድፍ አወጡ። ሳተላይቱ ትንሽ ነው፤ 10 ሜጋ ዋት ብቻ ይልካል። የሚዞረው ሩቅ ሳይሆን 1,100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ ከምድር ወገብ በላይ ነው። ዝቅ ስላለ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። በእያንዳንዱ ሬክቴና ላይ ሲያልፍ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሬክቴናዎቹ ያንን እያጠራቀሙ መንደር ያበራሉ።

ጨረሩ ከወገቡ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚደርሰው። ሞያሌ 3.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ለጥቂት ታልፋለች። ኢትዮጵያ በሙሉ ከውጭ ቀረች፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሶማሊያ ግን ከፊላቸው ውስጥ ይገባል።

ተመራማሪዎቹ ታዲያ ካርታ ላይ ምልክት አድርገው አልተቀመጡም። ታንዛኒያ፣ ኢኳዶር፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒና ሌሎች የወገብ አገሮች ድረስ ሄዱ። ቦታ አዩ፣ ከአገሬው ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ሳተላይቱ አልተሠራም። የአካሄዱ ቅደም ተከተል ግን ትክክል ነበር። ሬክቴናው የሚያርፍበት ሕዝብ፣ ንድፉ ሳይቋጭ በፊት ነው የተጠየቀው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ በመሬት ጉዳይ ላይ በኋላ የሚመጣ ስምምነት ከፊቱ ከሚመጣው ይልቅ ሁልጊዜ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን የምለው በተለይ የግጦሽ መሬትን እያሰብኩ ነው። የመሰረዝ ዘዴው እርሻን ያውቃል፣ ቤትን ያውቃል። በዓመት ሁለት ወር ብቻ ከብት የሚያልፍበትን ሜዳ ግን «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብሎ ነው የሚመዘግበው። 10 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለው አጥር መሐል ላይ ቢቆም ወደ ውሃ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። መፍትሔ አይጠፋለትም። ሬክቴናው ቁጥቋጦ ነክ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ቢል ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልበትም። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ቦታው ከመቆረጡ በፊት የከብቱ መንገድ ካርታው ላይ ከተሣለ ነው።

ባሕሩስ?

መሬት የጠበባቸው አገሮች ዓይናቸውን ወደ ባሕር ጥለዋል። በ2021 ለብሪታንያ መንግሥት የቀረበ ጥናት 2 ጊጋ ዋት የሚያወርድ ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ሬክቴናው 6.7 በ13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያች በተጨናነቀች ደሴት ላይ ይህን ያህል ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ፣ የንፋስ ተርባይኖች በተተከሉበት አካባቢ መትከል እንደ አማራጭ ይነሳል። ኃይሉን ወደ የብስ የሚያመጣው የባሕር ውስጥ ኬብል እዚያ አለ፤ ንፋስ ሳይኖር ኬብሉ ሥራ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ሬክቴናው ይጠቀምበታል። አሜሪካኖችም በ1980 አካባቢ የባሕር ላይ ሬክቴናን አጥንተው ነበር።

እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አያሳምነኝም። በብሪታንያው ንድፍ መጠን የሚሆነው ወደ 70 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ያን ያህል ወንፊት ማዕበል፣ ጨውና የባሕር ወፍ ባለበት ማቆም ከየብስ ይልቅ እጅግ ውድ ነው። ባሕሩም የራሱ ባለቤት አለው። ዓሣ አጥማጁ አለ፣ የመርከብ መስመሩ አለ፣ ፍልሰት ላይ ያለው ወፍ አለ። ለብሪታንያና ለጃፓን መልስ ሊሆን ይችላል፤ የኬብሉና የወደቡ አቅም አስቀድሞ አላቸው። ሌላው አገር መጀመሪያ በየብሱ ላይ መስማማት ይኖርበታል።